መብረቅ የተሣለበት ራስ ቁር

«ብወድቅ ያድነኛል?»

ኢታይ ቃስዳውን፣ ራስ ቁሩን፣ በጣቱ አንኳኳ። ስታቭ መልሱን አታውቀውም። በእናቷ ቀይ የጥፍር ቀለም የመጨረሻዋን ልብ እየሞላች ስለነበር ያልሰማች መሰለች።

«ቃስዳውን እኮ ነው የምልሽ። ያድነኛል?»

«አትንካው፣ አልደረቀም!»

በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ከታች፣ በሽኩና ሄ ሰፈር ሕንጻዎች መካከል፣ ለፑሪም፣ ለአይሁድ የጭምብል በዓል፣ የለበሱ ሕፃናት በአሻንጉሊት ሽጉጥ ይተኳኮሳሉ። ጧ ባለ ቁጥር ስታቭ ትከሻዋ ይሰበቃል።

ራስ ቁሩ የወንድሟ የአሞስ የድሮ የብስክሌት ቁር ነው። አቧራ ጠጥቶ ከዕቃ ሣጥን ሥር አገኘችው። «ያረጀ ነው፣ ውሰጂው» አለቻት እናቷ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ ኢታይ ለፑሪም የሚወደውን የቪዲዮ ጌም ፈረሰኛ መሆን ፈልጎ ነበር፤ በሕንጻው ውስጥ ደግሞ ሥዕል የምትችል እሷ ናት። ጥቁር ቀለም ነፋችበት። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ሁለት ቀንድ ቆርጣ ለጠፈችበት። በጎኑ ላይ ሦስት ልብ ሣለች፤ በጌሙ ውስጥ ፈረሰኛው በወደቀ ቁጥር አንድ ልብ ይጠፋበታል።

ኢታይ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ የወረደውን ቢጫ መስመር ተመለከተ። «መብረቁ ግን ጌሙ ላይ የለም።»

«አሳመርኩልሃ፣ ምን ትጨቃጨቃለህ!»

ለማሳመር አልነበረም። የድሮውን ተለጣፊ ስትፍቅ ከሥሩ ስንጥቅ አግኝታለች፤ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ። ማጣበቂያ ሞላችበት፣ ከላዩ ቢጫ ቀባችበት። ለአንድ ቀን የፑሪም ልብስ ምን ይጎዳል ብላ ነበር።

«ነገ ከልጆቹ ጋር ወደ መጋዘኖቹ ሰፈር፣ ኤመቅ ሳራ ልንሄድ ነው» አለ ኢታይ። «አርብም ፑሪምም ስለሆነ መጋዘኖቹ ዝግ ናቸው። የጭነት መኪና የሚወጣበት ዳገት የለም? ከላይ በብስክሌት ልቅቅ! ሞሼ ‹ያለ ቃስዳ አትወርድም፣ ሕፃን ነህ› ብሎ ሲያሾፍብኝ ከርሟል። አሁን በዚህ ቃስዳ ያየኛል!»

የስታቭ እጅ አየር ላይ ቆመ። ንገሪው፣ አለች ለራሷ። ኢታይ ግን እንዲህ ፊቱ በርቶ አይታው አታውቅም።

«እና ያድነኛል?»

«ደህና ነው» አለች።

ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው። ድምፁ ራሱ የእናቷ ድምፅ መሰላት።

ለበዓሉ መጥታ ነው እንጂ ስታቭ የምትማረው በሰሜን በኩል፣ ፕኒሚያ ውስጥ ነው፤ እዚያው እየተማሩ እዚያው የሚያድሩበት ትምህርት ቤት። ባለፈው ዓመት እናቷ ጽጌ በደወለች ቁጥር «ሁላችንም ደህና ነን» ትላት ነበር። «አሞስስ?» «ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው።» ለዕረፍት ስትመጣ አሞስ ክንዱ በብረት ታስሮ ሶፋ ላይ ተኝቶ አገኘችው። ከሥራ በብስክሌት ሲመለስ መኪና ገጭቶት ሆስፒታል ከርሟል። ብስክሌቱንም፣ የዚያን ቀን ልብሱንም ማንም አላሳያትም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» ብላ ጮኸች ያኔ።

«ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፣ ልጄ» አለች እናቷ። «ሰው ሩቅ ሆኖ፣ ብቻውን፣ እንዴት ይነገረዋል? መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ዘመድ ከቦት ነው የሚሰማው። እኛ ያደግነው እንዲህ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ስታቭ ከፕኒሚያ ስትመጣ ቤተሰቡን ከመሳሟ በፊት እጅ እግራቸውን ታያለች። በስልክ «ደህና ነን» ስትባል አታምንም። ያንኑ ቃል አሁን እሷው ለኢታይ ሰጠችው።

አርብ ከሰዓት በኋላ አሞስ በረንዳ ወጥቶ ቀለም የነካውን ጋዜጣ በደህናው እጁ መሰብሰብ ጀመረ።

«ቤቱን የሠዓሊ ቤት አደረግሽው። ምን ስትሠሪ ነበር?»

«የኢታይን ልብስ። አሮጌውን ቃስዳህን ቀባሁለት።»

አሞስ ቀና አለ። «የቱን ቃስዳ?»

«ሣጥኑ ሥር የነበረውን። እማዬ ውሰጂው አለችኝ።»

«እሱ እኮ ያኔ የወደቅኩበት ነው፣ ስታቭ። ጣሉት ብዬ ነበር።» ራሱን ነቀነቀ። «እማዬ መቼ ዕቃ ትጥላለች! እንደ እንቁላል ቁጠሪው። አንዴ አድኖኛል፣ ከእንግዲህ ማንንም አያድንም። መቼም ለጌጥ ነው አይደል?»

ስታቭ ስልኳን ይዛ ወደ መኝታ ክፍሏ ሮጠች።

ለኢታይ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወለች። ኢታይ ዳገቱ አፋፍ ላይ ሆኖ ታያት፤ ቀንዶቹ፣ ሦስቱ ልቦች፣ ያ ቢጫ መብረቅ፤ ስልኩ ደግሞ ሜዳ ላይ ከተጣለ ቦርሳ ውስጥ እየጮኸ። ከሩቅ የአምቡላንስ ድምፅ የሰማች መሰላት። መስኮቱን ከፍታ አዳመጠች። ውጭ የሚሰማው የሕፃናቱ ሽጉጥ ብቻ ነው።

«ስታቭ!» አለች እናቷ ከወጥ ቤት። «ያን ስልክ አጥፊው፣ ሰንበት ሊገባ ነው!»

«መጣሁ፣ እማዬ!»

በስልክ አይነገርም፣ ብላ ነበር እናቷ። እሷ ግን በዕብራይስጥ መጻፍ ጀመረች።

«ቃስዳው የተሰነጠቀ ነው። መብረቁን የሣልኩት ስንጥቁን ልሸፍንበት ነው። ደህና ነው ያልኩህ ዋሽቼ ነው። እንዳትወርድ። የት ነህ?»

ላከችው። የስልኩ መብራት ጠፋ። አበራችው፤ ተመልሶ ጠፋ። ምንም የለም።

ጫማዋን ሳታስር ደረጃውን ወረደች፣ የእነ ኢታይን በር አንኳኳች። እናቱ ጀምበሬ ነጭ የሰንበት ነጠላዋን አጣፍታ ከፈተች፤ ስታቭን ስታይ ሳቀች።

«ግቢ፣ ግቢ! ያንተ ያለህ፣ ያ ቀንዳም ነገር እንዴት አሳቀን መሰለሽ! አሁን እንኳ ኢታይ የለም፣ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቷል።» ከዚያ ፊቷን አየቻት። «ምነው ልጄ? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«አይደለሁም፣ እትዬ ጀምበሬ» አለች። «ጋሽ ባዬ መኪናውን ያስነሱ። ኢታይ ኤመቅ ሳራ ነው። ያደረግሁትን እነግርዎታለሁ።»

ጀምበሬ ወደ ውስጥ ዞራ የባሏን ስም ጠራች። ስታቭ በሩ ላይ ቆማ ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ እንዲነዝር እየጠበቀች። መልእክቱ ሲደርስ ኢታይ ዳገቱ ላይ ወድቆ ነበር፤ ለዚያ መልእክት መልስ አልመጣላትም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።