ከኋላዬ የተፈናጠጠው

አስቀድሜ ልንገራችሁና፣ እኔ በመንፈስም በጥላም የማምን ሰው አይደለሁም፣ ደብረ ብርሃን ላይ የሳይክል መለዋወጫ እየሸጥኩ የምኖር ሰው ነኝ፣ አንድ ነገር ከተንቋቋ ወይ ካቴናው ላልቷል ወይ ኩሽኔታው አልቋል፣ ሦስተኛ ምክንያት አላውቅም። ጓደኞቼ ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ «ዘይት ቀቡት ይተወዋል» እያልኩ የማሾፈው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ይሄን ሰምታችሁ ብታሾፉብኝ አልቀየማችሁም፣ ተራዬ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሰግድ ነው። አሰግድ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ መሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር እኛ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። የእናቱ ቤት ወደ ራቤል ከሚወስደው አሮጌ መንገድ ተገንጥሎ፣ ከአንድ ሸለቆ ማዶ ነው፣ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ስንወጣ አጎቴ በሰጠኝ አሮጌ የቻይና ሳይክል የሳምንት ስንቁን ልናመጣ አብረን እንሄድ ነበር። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ከኋላ ይፈናጠጣል። መንዳት እስከ መጨረሻው አልተማረም፣ አልፈለገምም፣ መፈናጠጥ ግን እንደሱ የሚችልበት ሰው አላየሁም፣ ሳይክሏ እየሄደች ትንሽ ሮጥ ሮጥ ይልና ዘሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ የጃኬቴን ወገብ በሁለት ጣቱ ብቻ ይዞ ያፏጫል። ሕጋችን አንድ ነበር፣ ቁልቁለት ላይ ይፈናጠጣል፣ ዳገት ላይ ይወርዳል። ዳገቱን እኔ እየጋለብኩም እየገፋሁም ቀድሜ እወጣለሁ፣ እሱ ዘና ብሎ በእግሩ ይደርሳል። እናቱ እማማ የሺ ከማዶ፣ ከአጥራቸው በር ላይ ሆነው ቁልቁለቱን ስንወርድ ያዩናል፣ እኔ ስደርስ የእግር ውሃ ሞቆ ይጠብቀኛል፣ እሱ ሲደርስ ደግሞ የሱ ይቀዳል። እመኑኝ፣ ብዙ አገር በሳይክል ዞሬያለሁ፣ እንደነዚያ ዓርቦች ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ሕይወት በየፊናችን በተነን፣ እኔ ደብረ ብርሃን ሱቅ ከፈትኩ፣ አሰግድ ሥራ ፍለጋ በመተማ በኩል ወጣ፣ ከድንበር ወዲያ አንዴ ደወለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አብረውት የወጡት ልጆች በረሃው ላይ መለያየታቸውን እንጂ ሌላ የሚያውቁት የለም። ዓመታት አለፉ። ባለፈው ጥቅምት እህቱ አልማዝ፣ እሷም ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፣ ሱቄ መጥታ ገበያተኛው እስኪወጣ ቆማ ጠበቀችኝ።

«እናቴ አንተን ትሰማለች» አለችኝ። «የነፍስ አባቷ ለመኗት፣ ዘመድ ለመናት፣ ፍትሐት አይደረግም ብላለች። ልጄ መንገድ ላይ ነው ነው የምትለው። እኔ ጋ እንዳላመጣት፣ በሩን ለማን ትቼ ትለኛለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ብርዱን አልቻለችውም። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ሳታለቅስለት ልትሞትብኝ ነው።»

ምን ልበላት? እሺ አልኩ። እሺ ስል ግን ሸክሙ ገባኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እግሬን ያጠቡኝን እናት «ልጅዎ ሞቷል፣ ያልቅሱለት» ልል መሄዴ ነው፣ እኔ ራሴ እንኳ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር።

በሳይክል የሄድኩት ወድጄ ነው፣ ከፈለጋችሁ ጊዜ ለመግዛት በሉት። አዲሱ መንገድ በሌላ በኩል ከወጣ ወዲህ አሮጌውን ኮረኮንች መኪና ረስቶታል፣ ለኛ ለሳይክል ሰዎች ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም፣ ክላክስ የሚያስደነግጥ የለ፣ አቧራ የሚያለብስ የጭነት መኪና የለ፣ ጠጠሩ ከጎማ ሥር ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነው የሚሰማው። የአሁኗ ሳይክሌ ጎማዋ ሰፋ ያለ፣ ማርሿ ብዙ፣ ለእንዲህ ያለ መንገድ የተሠራች ናት። የኋላ መቀመጫ ግን የላትም፣ ይሄን ያዙልኝ። መሐል ሜዳ አድሬ በማግስቱ ከሰዓት ወጣሁ፣ ገብሱ ገርጥቶ ለአጨዳ ደርሷል፣ የድንጋይ ቤቶቹ፣ የድንጋይ ካቡ፣ ከጉም ውስጥ ብቅ የሚለው የጅብራ ተክል፣ ሁሉም እንደነበረ ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ ያረጀሁት።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ጉብታው ላይ ከግራኝ በፊት ተሠራ የሚሉት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የድሮው ግንብ ግማሹ ፈርሶ ጥድ በቅሎበታል፣ አዲሱን ከጎኑ በቆርቆሮ ሠርተዋል። ልጆች ሳለን እዚያ ግንብ ጥላ ሥር አረፍ ሳንል አናልፍም፣ ዛሬም አረፍኩ። ቄሰ ገበዙ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ በርኖሳቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«እንደምን ዋላችሁ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ፣ እርስዎ እንደምን ዋሉ?»

«ከወዴት ናችሁ?»

«ከመሐል ሜዳ።»

ከአኮፋዳቸው ዳቦ አወጡ፣ ለሁለት ገመሱና ሁለቱንም ግማሽ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ተካፈሉት፣ ታች ብርድ ነው» አሉ። በኛ አገር ሰው አንተ ይባላል፣ ቢከበር አንቱ ይባላል፣ ብቻውን የቆመን ሰው እናንተ የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። ዕድሜያቸው ነው ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ዳቦውን፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ሁለቱንም ግማሽ እኔው በላሁት፣ ርቦኝ ነበር።

ቁልቁለቱ እንደ ጀመረ ከኋላዬ ኮረኮንቹ ላይ ሮጥ ሮጥ የሚል እግር ሰማሁ፣ ዞር ሳልል ሳይክሏ ዝቅ አለች። ጎማ ተነፈሰ ብዬ ፍሬን ይዤ ወረድኩ፣ የኋላውን ጎማ ጨመቅኩት፣ ድንጋይ ነው፣ ምንም አልሆነም። መንገዱም ባዶ ነው። ተመልሼ ሳይክሏ ላይ ወጣሁ፣ ትንሽ እንደ ተንከባለልኩ ያ እግር እንደገና ሮጥ ሮጥ አለ፣ እንደገና ዝቅ። ክብደትን እኔ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው፣ ሰው የተፈናጠጠባት ሳይክል መታጠፊያ ላይ ጭራዋ ትጎትታለች፣ ፍሬኗ ዘግይቶ ይይዛል፣ የኔዋም እንደዚያው ሆነች። ንፋሱ ፊቴን እየገረፈው ጀርባዬ ግን ሞቀኝ። ከዚያ ወገቤ ላይ ጃኬቴ ያዝ ተደረገ፣ በእጅ አይደለም፣ በሁለት ጣት።

ጮህክ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልጮህኩም። ፈራሁ፣ አዎ፣ ግን ከፍርሃቱ ጋር አንድ ሌላ ነገር መጣብኝ፣ ደስታ ነው ብል ታምኑኛላችሁ? ፍሬኑን ለቀቅሁት። እንደ ድሮው ሳይክሏን ለቁልቁለቱ ሰጠኋት፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ በንፋሱ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ ሸለቆው ሥር ያለው ወንዝ ድረስ አንዴም ወደ ኋላዬ አላየሁም። ካየሁ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር።

ወንዙን ተሻግሬ ዳገቱ ሲጀምር ሳይክሏ ቀለል አለች፣ እንዲሁ በአንድ ጊዜ። ወርጄ መግፋት ጀመርኩ፣ ከኋላዬ ኮረኮንቹ ላይ የሰው እርምጃ ይሰማኛል፣ ዘና ያለ፣ የማይቸኩል። ስቆም አንዲት እርምጃ ጨምሮ ይቆማል። እኩሌታው ላይ ጉሙ ወረደ፣ እርምጃው እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

እማማ የሺ በሩ ላይ ነበሩ። አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ፣ ዓይናቸው ግን በትከሻዬ አልፎ መንገዱ ላይ ነው። እንደ ጥንቱ የምቀመጥበት ዱካ አቀረቡልኝ፣ የሞቀ ውሃ ገንዳው ላይ ቀዱልኝ።

«ታጠብ ልጄ። የሱን አልቀዳሁትም፣ እንዳይቀዘቅዝበት» አሉ።

«የማንን እማማ?»

«የወንድምህን ነዋ። ቁልቁለቱን ስትወርዱ አየኋችሁ እኮ። ዳገቱ ላይ ወረደ መቼም።»

 «እማማ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። «አንተ ሁልጊዜ ትቀድማለህ።»

ልነግራቸው የሄድኩትን እንዴት ብዬ ልናገር? ዓይናቸው የደከመ ነው፣ ከዚያ ርቀት ሰው ከድንጋይ አይለዩም፣ ይሄን ለራሴ እየደጋገምኩ ነገርኩት። ራት ቀረበ፣ የሱ ድርሻ ሳይነካ ተከደነ። በሩን አልዘጉም፣ ባናቸውን ደርበው እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጡ፣ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም መንገዱን እያየሁ ነበር። ኮሽ ባለ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን። መቼ እንቅልፍ እንደጣለኝ አላውቅም።

ስነቃ ነግቷል፣ እሳቸው ካሉበት አልተነሱም።

«ለአልማዝ ንገራት» አሉኝ። «ፍትሐቱ ይደረግ።»

የተንሸራተተውን ባና ትከሻቸው ላይ መለስኩላቸው።

«የሄደበትን አገር ርቀቱን አላውቀውም። ለዚያ ነው የጠበቅኩት፣ ሩቅ ነው፣ ይቆያል እያልኩ። ይቺን ዳገት ግን አውቃታለሁ። ልጄ በሕይወት ቢኖር ይቺን ዳገት ለመውጣት ሌሊቱን አይፈጅም ነበር።»

ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፣ ያ ሁሉ ዓመት የታመቀው ነው የወጣው፣ ጎረቤት ሰምቶ እስኪመጣ ድረስ አቅፌያቸው ቆየሁ። የተላክሁበት ጉዳይ ተሳካ፣ አንዲት ቃል ሳልናገር ተሳካ። ምነው ባልተሳካ ያልኩት ግን ያን ጊዜ ነው።

ድካም ነው በሉኝ፣ የደጋው አየር ነው በሉኝ፣ እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ፣ የቄሰ ገበዙን እርጅና ነው፣ የእማማ የሺን የዓይን ድካም ነው፣ ሁሉንም በየፈርጁ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ማስቀመጫ አጣሁለት። የተፈናጠጠ ሰው ከነበረ ዳገቱ ላይ ወርዷል፣ እርምጃውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ቤት ደግሞ አልደረሰም። ታዲያ የት ቀረ?

ረፋዱ ላይ ተሰናብቼ ወጣሁ። ሳይክል የሚወድ ሰው ቁልቁለት በእግሩ አይወርድም፣ እኔ ግን አልጋለብኩም፣ እየገፋሁ፣ እየቆምኩ፣ የመንገዱን ዳርና ዳር፣ የካቡን ሥር፣ የቁጥቋጦውን ሥር እያየሁ ወረድኩ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ጉሙ ተገፏል፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ መንገዱ ላይ ከኔ ጎማ ሌላ ምልክት የለም። ወንዙ ጋ ስደርስ ከላይ፣ ከአጥሩ በር፣ የእማማ የሺ ድምፅ ቁልቁል መጣ።

«አገኘኸው ወይ?»

ሰማኋቸው። እንዳልሰማ ሆኜ ሳይክሌን እየገፋሁ ወንዙን ተሻገርኩ።