ሄድቪግ የደበቀችው ቢላዋ

ሄድቪግ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ቢላዋ በሚሠራባት በስዊድን ከተማ፣ በኤስኪልስቱና፣ ወንዝ ዳር ነው። የምትኖረው ከእናቷና ከአያቷ ከአቶ ሃልቫር ጋር ነው።

አቶ ሃልቫር አርባ ዓመት ሙሉ ቢላዋ ሲሠሩ ኖረዋል። ያኔ እሑድ እሑድ ጥቁሩን ዳቦ ስስ አድርገው ይቆርጡ ነበር። ከመሳሳቱ የተነሣ በዳቦው ቀዳዳ መስኮቱ ይታያል። የመጀመሪያው ቁራሽ የሄድቪግ ነበር። ከዚያ ቁርጥማት ጣቶቻቸውን ያዛቸው። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ዳቦውን የምትቆርጠው እናቷ ናት፤ እሳቸው ዝም ብለው ያያሉ። ልጆች፣ ቢላዋ ሠሪ ሰው ዳቦ ሲቆረጥለት ምን እንደሚሰማው እስቲ አስቡት።

አንድ ሰኞ ወይዘሪት ሲቭ መጣች። ሥራዋ ለደከሙ እጆች የሚመች ዕቃ መንደፍ ነው። እጀታው እንደ መጋዝ ቀጥ ብሎ የቆመ ቢላዋ ይዛለች።

"የእጅ አንጓዎን ሳያጣምሙ በክንድዎ ይገፉታል" አለች። "ሁለት ሳምንት ይሞክሩት። በየቀኑ እውነቱን እዚህ ደብተር ላይ ይጻፉ።"

"ካልወደድኩትስ?"

"'አልወደድኩትም' ብለው ይጻፉ።"

የመጀመሪያው ቁራሽ ወፍራምና ጠማማ ሆነ።

"አባባ፣ ይሄ ዳቦ ነው ጡብ?" አለች ሄድቪግ።

"ሳቂ፣ ሳቂ! ሁለቱ ሳምንት ሳያልቅ መስኮቱን ባላሳይሽ!"

በየቀኑ ቁራሹ ትንሽ ትንሽ እየሳሳ ሄደ። በሳምንቱ ሰኞ ግን ጓደኛዋ ኡላ መጣች። ቢላዋውን አየችና በሳቅ ፈነዳች።

"እናንተ ቤት ዳቦ በመጋዝ ነው እንዴ የሚቆረጠው? ቅቤውንስ በአካፋ ነው የምትቀቡት?"

የሄድቪግ ፊት ቀላ። ኡላ ስትሄድ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቀለለችው። ምድር ቤት ወርዳ የክረምት ጫማ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። "ኡላ እስክትረሳው ብቻ ነው" አለች ለራሷ።

አያቷ መሳቢያውን ሦስት ጊዜ ከፈቱ። "ሄድቪግ፣ ቢላዋዬን አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"እጄ ብቻ መስሎኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ለካ ጭንቅላቴም እየሄደ ነው።"

ደብተሩ ሦስት ገጽ ባዶ ቀረ። የለም፣ በትክክል እንቁጠር፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራት ገጽ ነው።

ሐሙስ ሄድቪግ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ ወጥ ቤት ቆመው ነበር። ባዶ እጃቸውን ጨብጠው ወደፊት ይገፋሉ፣ ወደኋላ ይስባሉ። ያለ ቢላዋ፣ ያለ ዳቦ። ወደ ምድር ቤት ሮጠች፤ ቢላዋውንም ይዛ ተመለሰች።

"አባባ፣ አልጠፋብዎትም። እኔ ነኝ የደበቅኩት። ኡላ ስትስቅ አፈርኩ። አላየሁም ያልኩትም ውሸት ነው።"

አያቷ ቢላዋውን ከጨርቁ ፈቱት። "ታዲያ ጭንቅላቴ ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ራሴን እንዳላምን አደረግሽኝ፤ እሱ ነው ያመመኝ" አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። "ይቅር ብዬሻለሁ። ባዶዎቹን ገጾች ግን አንቺ ትሞያቸዋለሽ።"

ሄድቪግ በአራቱም ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ዛሬ አያቴ ዳቦ ያልቆረጡት ቢላዋው መጥፎ ሆኖ አይደለም። እኔ ደብቄው ነው።"

እሑድ ጠዋት አቶ ሃልቫር ቆረጡ። ሄድቪግ ቁራሹን ወደ ብርሃን አነሣችው። መስኮቱ ታየ! በልታ ልትጨርሰው አልፈለገችም።

ሰኞ ወይዘሪት ሲቭ ደብተሩን አነበበች። "ገጾቹ ባዶ ቢሆኑ ኖሮ 'ሽማግሌዎች አልወደዱትም' ብለን እንተወው ነበር" አለች። ከዚያ ቢላዋውን ይዛ ሄደች፤ አንድ ብቻ ስለሆነ ሌሎችም እጆች ይጠብቁታል። "የቢላዋ ፋብሪካው ከሠራው፣ ለከርሞ የራስዎን ያገኛሉ" ብላለች።

አሁን ዳቦውን የምትቆርጠው እንደገና እናቷ ናት። አያትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያሉ። ሄድቪግ ሁልጊዜ ስለ እነዚያ አራት ቀናት ታስባለች። አራት ስስ ቁራሽ ይሆኑ ነበር።

ልጆች፣ የሰው ሳቅ ፈርታችሁ ሽማግሌን የሚያግዘውን ነገር አትንጠቁ፤ ዕቃው ቢመለስ እንኳ ያለፈው ቀን አይመለስምና።