የዓዲላ ዶሮ

ቢያድግልኝ ከተማሪ ጎጆው ጀርባ ተቀምጦ ጥፍሩን ይነክሳል። ከጎጆው ፊት ለፊት ሰው ይተራመሳል። በሶ ያመጣ አለ፣ ዳቦ ቆሎ ያመጣች አለች፣ ማር በቅል የያዘም አለ። ሁሉም «የእኛ ዲያቆን የት ገባ?» ይላል። እሱ ግን ገና ዲያቆን አልነበረም። ነገ ማለዳ ከነጋዴዎቹ ጋር ወደ ጎጃም ወጥቶ ከጳጳሱ ዲቁና ይቀበላል ተብሎ ነው ይህ ሁሉ ስንቅ። መሄዱን ራሱ ከጠዋት ጀምሮ ተጠራጥሯል።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያበላው ይህ በድባጤ ዳር ያለ መንደር ነው። ቆሎ ተማሪ ነውና አኩፋዳውን አንግቦ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻው ያባርረዋል፤ የቤቱ እመቤት ውሻውን ተቆጥታ ቁራሽ ታወጣለታለች። ዳዊቱን የደገመው፣ ቅዳሴውን ያጠናው በዚያ ቁራሽ ነው። ለዚህም በመንደሩ ደንብ አለ። ተማሪ ለዲቁና ሲሄድ የኔታ ሕዝቡ ፊት አቁመው ይጠይቁታል። ያበላው ሕዝብ ነውና ዋስ የሚሆነውም ሕዝብ ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄ «አፍህን ያረከሰ ነገር በልተሃል ወይ?» የምትለው ናት። ለወትሮው ልጆቹ «አልበላሁም» ብለው ወደ ዳቦው ይሮጣሉ።

ቢያድግልኝ ግን በልቷል።

ባለፈው ክረምት ቁራሽ ፍለጋ ለቀፈፋ ወደ ቆላው ወርዶ ሳለ ንዳድ ያዘው። የወደቀው ከአሶሳ አገር መጥተው እዚያ በሰፈሩ ሙስሊሞች አጥር ሥር ነበር። ነጋዴው ሙርሳልና ሚስቱ ዓዲላ አንስተው አስገቡት። ዓዲላ ስምንት ቀን ውሃ እያጠጣች፣ ላቡን እየጠረገች አስታመመችው። በአምስተኛው ቀን ጓሮ ውስጥ ሙርሳል «ቢስሚላህ» ሲል፣ ዶሮዋም ስትንፈራገጥ ተኝቶ ሰማ። ክርስቲያን የእስላም ሥጋ እንደማይበላ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ያውቃል። መረቁ ሲመጣ ግን ጠጣ። ሥጋውንም በላ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ «ሌላ አለ?» ብሎ ጠይቆም ነበር።

ምሥጢሩን ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጎጆ ጓደኛው ፈንታው። አሁን መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ዝም አይነቅዝም» አለው ፈንታው። «ከተናገርክ የረከሰ የሚነጻበትን ቄደር ተጠመቅ ትባላለህ፤ ንስሐው አርባ ቀን ነው። ነጋዴዎቹ ደግሞ ነገ ይሄዳሉ። ሌላ አጃቢ የምታገኘው የዛሬ ዓመት ነው። እነዚህን ሰዎች ምን ልትላቸው ነው?»

ይህ ነበር የቢያድግልኝም ጭንቀት። እናገራለሁ ሲል የመንደሩ ሁሉ ድካም ይታየዋል። አልናገርም ሲል በዋሸ አፍ ሊቀድስ መሆኑ ትዝ ይለዋል። ደግሞም፣ ይህን ለፈንታው እንኳ ማስረዳት አልቻለም፣ ያችን ዶሮ «ርኩስ» ብሎ መጥራት አንደበቱ እምቢ ይለዋል። ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀበት።

ይባስ ብሎ ዓዲላ ራሷ መጣች። የተቆላ ሰሊጥ በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። ክርስቲያን የቆላው እንዲሆን ብላ ከመንደሩ ሴቶች ከአንዷ፣ ከየዝናሽ ቤት፣ በየዝናሽ ምጣድ እንዳስቆላችው ነገረችው። ፈንታው እሷን ሲያይ ቀስ ብሎ ሄደ።

«ዛሬ ሽማግሌው አስተማሪህ ይጠይቃል አሉ» አለች ዓዲላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንተ አትፍራ። ከጠየቀ እኔ እናገራለሁ። ዶሮ የለም፣ ገንፎ ብቻ ሰጠሁ እላለሁ።»

«ትዋሺልኛለሽ፣ እማ ዓዲላ?»

«እዋሻለሁ። ወላሂ ግን አልልም። ወላሂ ብሎ መዋሸት አይሆንም።»

ቢያድግልኝ ሊስቅም ሊያለቅስም ዳዳው። በልቶ የዳነው እሱ፣ የምትዋሸው እሷ! የበላበትን ወጭት ሰባሪ የሚባለው እንዲህ ያለው አይደል? ሰሊጡን ተቀብሎ አየው። ይህ ንጹሕ ነው፣ ዶሮዋ ርኩስ ናት፤ የሰጠችው እጅ ግን ያችው አንዷ ናት። አልገባውም። መጻሕፍቱን የሚያውቁት የኔታ ናቸው እንጂ እሱ አይደለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዳዊቱን ጠየቁት፤ መለሰ። ቅዳሴውን ጠየቁት፤ መለሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። ዓዲላ ከሁሉም ጀርባ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ውሸቷን እየተለማመደች መሆኑ ነው።

«ልጄ፣ አፍህን ያረከሰ ነገር በልተሃል ወይ?»

«ንዳድ ይዞኝ ሳለ የዓዲላን ዶሮ በልቻለሁ» አለ።

ጉርምርምታ ተነሣ። ትልቁን ዳቦ የጋገረችው የዝናሽ እጇን በራሷ ላይ ጫነች። አንድ ሽማግሌ፣ ሦስት ዓመት ለዚህ ነው ወይ ያበላነው፣ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የኔታም እንግዲያው ሕዝቡ ፊት ረክሻለሁ ብሎ ቄደር መጠመቅ እንዳለበት፣ መንገዱም ለከርሞ እንደሚሆን ነገሩት።

«ቄደሩን እጠመቃለሁ፣ የኔታ። ለከርሞም እጠብቃለሁ» አለ ቢያድግልኝ። «ረክሻለሁ ማለቱን ግን አልችልም። ያን ቀን ባልበላ ኖሮ ዛሬ የሚጠየቅ ልጅ አይኖርም ነበር።»

ትክክል ይናገር ይሳሳት አላወቀም። የየኔታን ፊት አይቶ ሊያውቅ ሞከረ፤ እሳቸው ግን መሬት መሬት ያያሉ። «ቆይ፣ ላስብበት» አሉ በመጨረሻ። ቢያድግልኝ በሦስት ዓመት ውስጥ የኔታ ላስብበት ሲሉ ሰምቷቸው አያውቅም።

ሰው ስንቁን እያነሣ ተበተነ። ገሚሱ ሲያልፍ ትከሻውን ነካ አደረገው፤ ገሚሱ ዞሮም አላየው። ዓዲላ ቆላ ለመውረድ ነጠላዋን ስታጣፋ ደረሰባት። ተቆጥታ ነበር። እንዲህ ያለ ሞኝ ልጅ አይታ እንደማታውቅ፣ ሙርሳል ቢሰማ እንደሚስቅበት፣ እሷም ቀኑን ሙሉ በከንቱ እንደደከመች በአማርኛም በበርታ ቋንቋዋም አወረደችበት።

ቢያድግልኝ አስጨረሳት። ለቁራሽ ዳቦ በየደጁ የሚያመሰግን ተማሪ፣ ያን ክረምት ከቤቷ ሲወጣ በበላው ደንግጦ አንድ ቃል እንኳ ሳይላት ነበር የሄደው።

«እማ ዓዲላ» አላት፣ «ስለ ዶሮዋ እግዜር ይስጥልኝ።»

ዓዲላ ነጠላዋን መልሳ ለቀቀችው።

«አሚን» አለች።