ውሃ ደርሷል

ስልኩ ጢው አለ። «ውድ ደንበኛችን፣ ውሃ ደርሷል።»

ጭራሮ ደብተሯን ወርውራ ወደ ጓሮ በረረች። ስሙን ያወጡላት ቅጥነቷን ያዩ የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ይህ መልእክት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በሩጫ ብዛት ይብሱን መንምናለች። ባልዲውን ደቅና ቧንቧውን ከፈተችው። ሽው...! ንፋስ። ጠብታ እንኳ የለም። ቧንቧው ላይ የተገጠመው መልእክት ላኪ ሴንሰር ግን አረንጓዴ መብራቱን ቦግ አድርጎ ይኮራል። ግፊት ከተሰማው ውሃ ይሁን ንፋስ አይለይም፤ ብቻ «ደርሷል» ይላል።

«አቦ! ሙድ እየያዘብኝ ነው እንዴ?» ባልዲውን በእርግጫ አለችው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች እናቷ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

ሴንሰሩ መንግሥት ለ«ስማርት ከተማ» በሰጠው ድጋፍ የመጣ ነው። የገጠመውም ባዕድ አይደለም፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ዛሬ ገምጋሚዎች እነሱ ቤት ይመጣሉ፤ ከወደዱት በየሰፈሩ ይገጠማል፣ አጎቷም ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል። ስለዚህ ከጠዋቱ በመኪና ውሃ አስመጥቶ የጓሮውን በርሜል ጢም አድርጎ ሞልቶታል።

«ከጠየቁሽ ‹አሪፍ ነው› በይ፣ አለቀ» አላት ኮሌታውን እያስተካከለ።

«ጋሼ፣ ንፋስ እኮ ነው! ለአለቆችህ አልነገርካቸውም?»

«ስንቴ ልንገራቸው? ‹ከግምገማው በኋላ› ነው መልሳቸው። አንቺ ደግሞ አታካብጂ!»

«ከግምገማው በኋላማ ማን ሊሰማህ!»

ጭራሮ በገነች። የከተማው ልጅ ሁሉ እንደሷ ባልዲ ይዞ ለንፋስ ሲሮጥ ታያት። ግን ደግሞ እሽኮኮ ብሎ ያሳደጋት አጎቷ ነው፤ በሷ ምክንያት እንጀራው ቢቀርስ?

ገምጋሚዎቹ መጡ። ትልቋ ሴትዮ ታብሌታቸውን እያዩ «ሳምንቱን ሙሉ ውሃ አልተቋረጠም ይላል። ግሩም ነው!» አሉና ላባቸውን ጠረጉ። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ውሃ አጠጪኝ።»

አጎቷ በዓይኑ ወደ በርሜሉ ጠቀሳት። ይኼኔ ስልኩ እንደገና ጢው አለ።

ጭራሮ ብርጭቆ አነሳች። በርሜሉ ጋ ስትደርስ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ አለፈችው። አጎቷን ቀና ብላ ለማየት ድፍረት አላገኘችም።

«እሺ እናቴ፣ አሁን ደርሷል ብሏል» አለችና ብርጭቆውን ቧንቧው ሥር ደቅና መክፈቻውን ማዞር ጀመረች።