ዞን ሦስት ብቻ

ባቡሩ በሮቹን ዘግቶ ሲንቀሳቀስ፣ ልጅቷ ከመስኮቱ በላይ የተለጠፈውን ካርታ ቀና ብላ አየችና ክው አለች።

ለምርቃት የመጡባት የባዕድ አገር ከተማ በሦስት ቀለም ተከፋፍላለች፤ መሀሉ አንደኛ ዞን፣ ዙሪያው ሁለተኛ፣ ዳር ዳሩ ሦስተኛ። የታላቅ እህቷ የነርሶች ኮሌጅ ዳር ላይ ነው። እሷና አባቷ የተሳፈሩት ደግሞ ከመሀል። እጇ ላይ ያሉት ሁለት ትኬቶች ግን «ዞን ሦስት» ብቻ ይላሉ።

የምንወርድበት ይበቃል ብላ ነው የገዛችው። አገር ቤት የታክሲ ረዳት የሚጠይቀው የት እንደሚወረድ ነዋ! ካርታው ግርጌ ግን የሚታለፍበት ዞን ሁሉ ትኬት እንደሚያስፈልገው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ይባስ ብሎ አባቷ የትኬት መሸጫው ማሽን ፊት ቆሞ፣ «የተነሣንበትስ አይቆጠርም?» ብሏት ነበር። «አባዬ ደግሞ! ለእኔ ተወው» ብላ ቁልፉን ተጫነችው። ቤት ውስጥ «ገባኝ» እያሉ የሚጠሯት በከንቱ አይደለም፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ «ገባኝ፣ ገባኝ» ትላለች።

አባቷ አጠገቧ ከክራባቱ ጋር ትግል ይዟል። የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ቱታ እንጂ ክራባት አያውቅም።

«ይሄ ነገር አንገት ማነቂያ ነው እንዴ?» አለ እየሳቀ። ዛሬ ታላቋ ልጁ ተመራቂዎቹን ወክላ ቃለ መሐላውን ታስነብባለች። ፕሮግራሙ የሚከፈተውም በመሐላው ነው። «አንቺ ግን ምን ሆነሻል? እሳት ላይ የተቀመጥሽ መሰልሽ እኮ።»

«ምንም።»

ተነሣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ብንወርድስ? ሌላ ባቡር እስኪመጣ መሐላው ያልፋል። ዝም ብንልስ? ማን ያየናል? ይህን እያሰበች ሳለ ሰማያዊ ኮት የለበሰች ተቆጣጣሪ ከፉርጎው ጫፍ ብቅ አለች። ልጅቷ ትኬቶቹን ኪሷ ከተተች፤ መልሳ አወጣች።

ተቆጣጣሪዋ ደርሳ ትኬቶቹን አየች፤ ቀጥላም አባትየውን። እሱ አንዲት ቃል ሳይገባው ፈገግ ብሎ እጅ ነሣት።

«የገዙት አባትሽ ናቸው?» አለች ተቆጣጣሪዋ፤ የአገሩን ቋንቋ ልጅቷ ትምህርት ቤት ተምራዋለች። «እንግዳ ከሆኑና ቋንቋውን ካላወቁ፣ ለዛሬ ላልፋቸው እችላለሁ።»

አንዴ ራስን መነቅነቅ ብቻ ነው። ለመሐላው ይደርሳሉ፤ አባቷም ምን እንደተባለ መቼም አያውቅም። ልጅቷ ዞር ብላ አየችው። አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው፤ ስለ እሱ ደግ ነገር የሚወራ መስሎታል። አንጀቷን በላት።

«እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለች። «እሱማ ትክክሉን ነግሮኝ ነበር።»

ተቆጣጣሪዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ማስታወቂያውን ማንበብ ለምትችል ልጅ እንግድነት ምክንያት አይሆንም፤ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደው የጎደለውን ይግዙ አለች።

ጣቢያው ላይ የባቡሩ በር ከኋላቸው ሲዘጋ አባቷ ግራ ገብቶት ዙሪያውን ቃኘ። «ደረስን እንዴ? ኮሌጁ የታለ?»

«ተሳስተናል» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። «እኔ ተሳስቼ ነው» አለች። የትኬቱን ነገር፣ ተቆጣጣሪዋ ያለቻትን፣ እሷም የመለሰችላትን አንድ በአንድ ነገረችው።

አባቷ ክራባቱን አላላ። «መሐላውስ?»

«አንደርስም።»

«እኔ እኮ ለእሱ ነበር የመጣሁት» አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ልጅቷ ማልቀስ አማራት። ግን ካለቀሰች አባቷ እሷን ማባበል ሊጀምር ነው። እንባዋን ዋጠችና ስልኳን አውጥታ ለእህቷ ደወለች። ከወዲያ በኩል የአዳራሽ ጫጫታ ይሰማል።

«መድረክ ላይ ስትወጪ በዓይንሽ እንዳትፈልጊን» አለቻት። «አልደረስንም። አባዬን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»