ዕንቁው እስኪሞት

ዶን ክሪሶፎሮ ባራሃስ የሞተው ዕድሜ ልኩን ሲገዛበት በኖረው ወንበር ላይ ነው፤ ጀርባው እንደ ቀስት ተለጥጦ፣ መንጋጋው ተቆልፎ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሎ። በሕይወቱ ለማንም ጎንበስ ብሎ አያውቅም። ሞትም ቢሆን ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት ሊያጎነብሰው አልቻለም።

ኮማንደር ኤርሜሊንዳ ቶቫር ስትደርስ ሳጅን ኡልፒያኖ ሥራውን ጨርሶ እጁን እያራገፈ ነበር። የሟቹን ልጅ ኦቲሊያን በካቴና አስሮ ፒክአፑ ላይ ጭኗታል። ሞተሩም ተነስቷል።

«ምን ደከሙ፣ ኮማንደር? ልጅ ቀዳች፣ አባት ጠጣ፣ አባት ሞተ። ሕፃን የሚፈታው ነገር ነው።»

«ለዚህ ነዋ ለአንተ የሰጡህ» አለችው። «ሞተሩን አጥፋ።»

«ዓቃቤ ሕጉ ጓዳላሃራ ከተማ እየጠበቀን ነው እኮ! አባቷን የገደለች ሴት እዚያ ከገባች ፀጉሯ ሳይሸብት አትወጣም።»

«እኔም የምቸኩለው ሳትገባ ለመድረስ ነው። አጥፋው አልኩህ።»

ኤርሜሊንዳ ተኪላ የሚወጣበትን እሾሃማ ተክል፣ አጋቬን፣ የሚቆርጥ ሰው ልጅ ናት። ቀይ አፈር ስትረግጥ፣ ተኪላ ስታሸት አድጋለች፤ ስለዚህ ከሬሳው በፊት ጠረጴዛውን አየች። አንድ የሸክላ ማሰሮ። አራት ባዶ ብርጭቆዎች። ከእርጅና ብዛት የጠቆረ አንድ የቀንድ ዋንጫ፣ ግማሽ መጠጥ የቀረበት። ሐኪሙ ፍርዱን ሰጥቶ ሄዷል፦ ለተኩላ የሚነሰነሰው መርዝ ነው፤ በዚህ ደጋ አሮጌ ጎተራ ያለው ሰው ሁሉ አንድ የዛገ ቆርቆሮ አያጣም። የሞተው ሰው ከዋንጫው ጠጣ፤ የቀሩት አራቱ ከዚያው ማሰሮ በብርጭቆ ጠጡና ምንም አልሆኑም።

ወደ ፒክአፑ ሄደች። ኦቲሊያ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ጫፉን ያወጣው ማነው?»

ጫፍ የሚሉት ተኪላው ሲነጠር ከመዳቡ ጋን መጀመሪያ የሚወርደውን፣ ውሃ ያልነካውን፣ ክብሪት ሲጠጋው የሚነደውን ነው።

«እኔ» አለች ኦቲሊያ። «ስንት ዓመት ከልክሎኝ ዘንድሮ እሳቱን ለቀቀልኝ። ዛሬ ቀምሶ ከወደደው መዳቡም ቤቱም የእኔ ነው ብሎ ነበር።»

«ካልወደደውስ?»

«ባል አግኝቼልሻለሁ አለ። ጥርስ የሌለው።»

«ዋንጫውን ማን አጠበው?»

«እኔው፣ ሁሉም እያዩኝ። አባቴ ማንንም አያምንም። አጥቤ፣ በዚያው ዋንጫ ውሃ ሞልቼ ጠጥቼ አሳየሁት። እንደ ውሻ ቀድሞ ያስቀምሰኛል። ከዚያ ማሰሮውን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አንስቼ ቀዳሁለት። ዕንቁው ቆመ።»

«ጥሩ ዕንቁ ነበር?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ። «እንደ በቆሎ ፍሬ! ክቡ ሞልቶ ዙሪያውን ያዘው።»

ኤርሜሊንዳ ራሷን ነቀነቀች። ተኪላ ከፍ ተደርጎ ሲቀዳ የሚነሳው አረፋ ነው ዕንቁ የሚባለው፤ ደካማ መጠጥ ላይ ወዲያው ይጠፋል፣ ጠንካራው ላይ ይቆያል። በሚቀዳበት ጊዜ ታዲያ የዚህ አገር ሰው የሰው ፊት አያይም። ስንት ዓይን ቢኖር ሁሉም ዋንጫው ላይ ነው።

«ከዚያስ?»

«አባቴ ዕንቁው ሳይሞት አይጠጣም። እስኪሞት ድረስ ዋንጫውን በመዳፉ እያሞቀ ሲሰድበኝ ቆየ። በጣም ጠንክሯል፣ ውሃ ጠብ ላድርግበት ብዬ ለመንኩት። ደጋግሜ ለመንኩት። አጎቴ ማሴዶኒዮ እጄን ገፍቶ ውሃውን ደፋብኝ። አባቴ ግማሹን ዋጠ። ‹መረረ! ጥድ ጥድ ይላል፤ አበላሸሽው› አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም።»

«አላለቀስሽም።»

«እየሰደበኝ ለሞተ ሰው ምን ብዬ ላልቅስ?»

ሚስትየው ዶኛ ፕሩደንሲያ በረንዳው ላይ ናት፤ የሟች ሁለተኛ ሚስት፣ ከኦቲሊያ ብዙም የማትበልጥ። ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳለች።

«ልብሱ ቶሎ ደረሰልዎት፣ ዶኛ። ተተኩሶም ነበር።»

«የአያቷን እኩያ ያገባች ሴት ጥቁር ልብሷን ተኩሳ ነው የምታስቀምጠው» አለች ሳታፍር። «ታዲያ ገደልኩት? ብጠብቀው ይሞትልኝ አልነበር? በመጠበቅ ደግሞ ማንም አይችለኝም።»

«ከመጠጣትዎ በፊት እጅዎን አሹ?»

«አሹ ተባልኩ፣ አሸሁ። ያ እርኩስ ነገር እስካሁን እጄ ላይ ይሸተኛል።» ሁለት መዳፏን ወደ ኤርሜሊንዳ አፍንጫ ዘረጋች። በምድጃ የበሰለ አጋቬ፣ ጣፋጭና ከባድ። ጠንካራ ተኪላ መጀመሪያ መዳፍ ላይ ጠብ ተደርጎ ይታሻል፤ አልኮሉ ሲበር የሚቀረው ጠረን ውሸት አይናገርም።

ተኪላ ሊገዛ የመጣው ሴኞር ባውዴሊዮ፣ የጓዳላሃራ መጠጥ ቤቶች ጌታ፣ ጫማውን ከአቧራ እየጠበቀ ይንጎራደዳል።

«ኮማንደር፣ እኔ ለቅምሻ መጣሁ እንጂ ለቀብር አልመጣሁም።»

«ሁለቱም በነፃ ነው፤ ምን አሳዘነዎት? ሁሉም መዳፉን አሸ?»

«እኔ እንኳ አሸሁ፣ ይኸው ሸሚዜ ተበላሸ። ያላሸው ዶን ማሴዶኒዮ ብቻ ነው። እንደ ሰርግ ቤት ሰካራም ብድግ አድርጎ ገለበጠው። እዚህ ቤት የተወለደ ሰው! ገረመኝ።»

ማሴዶኒዮ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ወንድሙ ወንበር ላይ ሲያረጅ እሱ ምድጃ አፍ ላይ አረጀ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ውሃውን ለምን ከለከሏት፣ ዶን ማሴዶኒዮ?»

«ጫፍ ላይ ውሃ? የአባቴ አጥንት ይታዘበኝ? ውሃ ለእንቁራሪት ነው፣ ልጄ!»

«መዳፍዎንስ ለምን አላሹም?»

ሽማግሌው ሳቅ አለ። «የምድጃ ሰው ነኝ። ተቃጥዬ ነው።»

«ያሳዩኝ።»

«ሐኪም ነሽ እንዴ?»

«ብሆን ኖሮ ፀባዬ ይሻል ነበር። ያሳዩኝ።»

ዘረጋላት። መዳፉ እንደ ጫማ ሶል ደንድኗል፤ አዲስ ቃጠሎ የለበትም። ጥፍሮቹ ሥር ግን ቡናማ ነገር ተጋግሯል። ኤርሜሊንዳ አመስግናው ተነሳች። ጥላው ሥር የቆመውን ፖሊስም ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «ይሄ ሰው እጁን እንዳይታጠብ፤ ሽንት ቤትም ቢሄድ ተከተለው» አለችው።

ጥንስሱ የሚፈላበት ቤት ገባች። በርሜሎቹ እንደ ጥንቱ የጥድ ናቸው፤ ስንጥቃቸው የሚደፈነው በጥድ ሙጫ ነው። ሙጫው በጣሳ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ጣቷን ነከረች። ውሃ ውስጥ አጠበችው፤ አለቀቀም። በሳሙና ፈተገችው፤ ባሰበት። ከአዲሱ ጫፍ ጥቂት አፈሰሰችበት። ሙጫው እንደ ቅቤ ቀለጠ። ኤርሜሊንዳ ብቻዋን ሳቀች፤ ሳቋ የሚያምር አልነበረም።

ሁሉንም ቅምሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሟቹ ወንበሩ ላይ እንዳለ የጠረጴዛ ልብስ ተጥሎበታል፤ ሬሳው ስለደረቀ ማጋደም አልተቻለም፣ በልብሱ ሥር ሆኖም የሚቆጣ ይመስላል። ኦቲሊያን ከነካቴናዋ አስገቧት።

«ሳጅን ኡልፒያኖ እሷ ገደለች ይላል» ብላ ጀመረች። «መቼ? ማሰሮው ውስጥ እንዳትል አራታችሁም ጠጥታችኋል። ስትቀዳ እንዳትል ሁለት እጇ ማሰሮው ላይ ነው፣ የእናንተ ሁሉ ዓይን ደግሞ ዕንቁው ላይ። ከተቀዳ በኋላ ዋንጫው ከሟቹ መዳፍ አልወጣም። ስለዚህ መርዙ ቀድሞውኑ ዋንጫው ውስጥ ነበር።»

«ዋንጫውማ ታጥቧል!» አለች ፕሩደንሲያ። «ውሃም ጠጥታበታለች፤ እኔው አይቻለሁ።»

«ጎበዝ! እንግዲህ ውሃ የማያነሳው፣ ጫፍ ግን የሚያነሳው ምን ነገር አለ?» መልስ አልጠበቀችም። «የጥድ ሙጫ። አንድ ሰው መርዙን ከዋንጫው ሥር ነሰነሰ፣ በላዩ ሙጫ ቀባበት። ጥቁር ቀንድ ውስጥ ማን ያየዋል? በውሃ ብታጥበው ንቅንቅ አይልም። ጫፉን ቀድተህ በሞቀ መዳፍ ይዘህ ዕንቁው እስኪሞት ከጠበቅህ ግን ሙጫው ይቀልጣል፣ መርዙም ይወጣል። ዶን ክሪሶፎሮ ሞቱን በመዳፉ እያሞቀ ልጁን ይሰድብ ነበር።»

ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስመጣች። አንደኛው ላይ ከማሰሮው ጠብ አደረገች፤ ውሃው ጥርት እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው ላይ ከዋንጫው ጠብ አደረገች። ውሃው ወተት ሆነ።

ባውዴሊዮ አማተበ።

«ሙጫ የሟሟበት መጠጥ ውሃ ሲነካው ይነጣል። ገዳዩ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ልጅቷ ውሃ ልጨምር ስትል እጇን መግፋት ነበረበት። ኦቲሊያ ብትሆን ኖሮ የራሷን ወንጀል የሚያጋልጥ ውሃ ይዛ ትለምን ነበር?»

«እጅ መግፋት ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ ማሴዶኒዮ።

«አይደለም። ይሁን እንጂ ሙጫ ጥፍር ሥር ሲገባ ቀናት ይቀመጣል። ጫፉን መዳፍዎ ላይ ቢያሹት ኖሮ የሚሸተው የበሰለ አጋቬ ሳይሆን ጥድ ነበር፤ ወንድምዎ ደግሞ አፍንጫው ከልቡ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ አላሹም። በዚህ ቤት ተወልዶ ጫፍ ሳያሽ የሚጠጣ አንድ ሰው ዛሬ ተገኘ።» ማሰሮውን አነሳች። «በሉ፣ ሁላችሁም መዳፍ ዘርጉ። ጥፍራችሁ ድረስ እሹ፣ ከዚያ ንጹህ ውሃ ውስጥ ንከሩ።»

ፕሩደንሲያ ነከረች፤ ውሃው ጥርት። ባውዴሊዮ ነከረ፤ ጥርት። ኦቲሊያ ካቴናዋን እያንቃጨለች ነከረች፤ ጥርት። ማሴዶኒዮ እጁን ጀርባው ላይ አጣምሮ ቆመ። ኤርሜሊንዳ ለኡልፒያኖ ጠቀሰችው፤ ሳጅኑም አንድ ጊዜ እንኳ ለጠቃሚ ሥራ ተላከና የሽማግሌውን እጅ ጎትቶ አመጣ። ከጥፍሮቹ ሥር ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ውሃው ውስጥ ተፈታ።

ማሴዶኒዮ ውሃውን ረጅም ጊዜ አየው።

«ምድጃ ውስጥ ቀቅሎኝ ቀቅሎኝ፣ በስተርጅና ለዚች ተገዛ ሊለኝ!» አለ። «አንዱን ቀብሬ አንዷን ላሳስራት ነበር። አንድ ዋንጫ ለሁለት። ማን እንዲህ ቆጥቦ ያውቃል?»

«ያሳደግኸኝ አንተ ነህ» አለች ኦቲሊያ።

«ላም ያሳደገም ያርዳል።»

ካቴናው ከእሷ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ገባ። ኤርሜሊንዳ ወደ ልጅቷ ዞረች፤ ለማንም ምሕረት ማድረግ ተምራ አታውቅም። «አንዲት ጠብታ ውሃ ከእጅሽ ቢቀበል ዋንጫው ዓይኑ ሥር ይነጣ ነበር፤ በሕይወት ይኖር ነበር። የአንቺን ተኪላ ደግሞ አልቀመሰም። የቀመሰው ሙጫ ነው።»

ኦቲሊያ የእጅ አንጓዋን እያሸች ወደ ገዢው ዞረች። «እርስዎ ግን ጠጥተዋል። እንዴት ነበር?»

ባውዴሊዮ ወደ ተሸፈነው ሬሳ ሰረቅ አድርጎ አየ። «እንደ አባትሽ ነው። ሲገባ ያቃጥላል፣ ከገባ በኋላም ይቅርታ አይጠይቅም።»

«ይወስዱታል?»

«ሁሉንም።»

ኦቲሊያ ወደ ግቢው ወጣች። ሠራተኞቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል፤ በወፍጮው ጉድጓድ ውስጥ ባለው የበሰለ አጋቬ ክምር ላይ ንብ ሰፍሯል፣ በቅሎው ከነቀንበሩ ቆሞ ያንቀላፋል።

«ምን ትገተራላችሁ?» ብላ ጮኸች። «ይሄ እስኪኮመጥጥ ነው? ድንጋዩን አዙሩ!»

«የአባትሽ ሬሳ ገና ቤት ውስጥ ነው!» አለች ፕሩደንሲያ ደረቷን እየመታች። «ሰው ምን ይላል?»

«እኔ ብሞት እሱ ወፍጮውን ያቆመው ነበር?»

አንዱ ሠራተኛ ባርኔጣውን ደፋና በቅሎውን በአለንጋ ነካው። ድንጋዩ እየጮኸ መዞር ጀመረ።