ለእንግዳ የሞላ ትምህርት ቤት

«ነገ ሰባተኛ ክፍል አትገቢም» አሉ ርዕሰ መምህሩ ኡስታዝ ኑዕማን። «ነገ ተማሪ ነሽ። ክፍልሽ ቁጭ ትያለሽ።»

ሪሃብ ጠመኔውን በእጇ እያገላበጠች «ሒሳቡን ማን ያስተምራቸዋል ታዲያ?» አለች።

«ጀማሉ።»

«የቱ ጀማሉ?»

«ስንት ጀማሉ አለ? ባለሱቁ ነዋ!»

ሪሃብ ሳቋ አመለጣት። ጋሽ ጀማሉ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ስኳርና ሻይ ቅጠል የሚሸጥ ሰው ነው። ኡስታዝ ኑዕማን ግን አልሳቁም። ከገዳሪፍ የትምህርት ተቆጣጣሪ ልትመጣ ነው፤ አስተማሪ የሌለው ክፍል እንድታይባቸው አልፈለጉም።

«እንግዳ ጓዳ አይገባም፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ያለንን አሳምረን እናቀርባለን፣ የጎደለንን እንሸፍናለን። ያደግነው እንዲህ ነው።»

በምሥራቅ ሱዳን፣ በኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ያለው ይህ መካከለኛ ትምህርት ቤት ብዙ ጎድሎታል። የሒሳቡ መምህር ላቀው ሰሊጥ ሲደርስ ለአጨዳ ወደ ቁረይሻ ወርዶ በዚያው ቀረ። ማንም አልፈረደበትም፤ ልጆች አሉት። ውሃ የሚቀዱትና ደወል የሚመቱት እማማ ባሕሪያም የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ገላባት ሄደው አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ዚሩን፣ ማለት የመጠጥ ውሃውን ትልቅ ገንቦ፣ ተማሪዎች በተራ ይሞላሉ፤ ደወሉን ቀድሞ የደረሰ ይመታል። የሰባተኛን ሒሳብ ደግሞ የዘጠነኛዋ ሪሃብ ታስተምራለች።

እውነቱን ለመናገር ሥራውን ወዳዋለች። ታናሽ ወንድሟ ኢሀብ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ኡስታዛ፣ ትናንት ወጡን ያሳረርሽው አንቺ አይደለሽም?» እያለ ክፍሉን ሲያስቅባት እንኳ ደስ ይላታል። የሚቆጫት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያው ሰዓት የእሷ ክፍል ሳይንስ ይማራል። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደግሞ እየቀረበ ነው። ያመለጣትን የሚነግራት የክፍል ጓደኛዋ ሁዜይፋ ነው፣ እሱም ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ።

«ልብ አራት ክፍል አለው» አላት የዚያን ዕለትም። «ወይስ ጉበት ነው? ወላሂ ጠፋኝ።»

«አንተን ይዤ ፈተና ልገባ ነው!»

ሁዜይፋ ሳቀ። «ስለ ነገው ሰማሽ? ዐምናም እኮ እንዲሁ ነበር። የክሊኒኩ ዘበኛ ጂኦግራፊ አስተማረን።»

«ካርታውን ዘቅዝቆ ሰቅሎት!»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ሁዜይፋ እግሩ ሥር ያለችውን ጠጠር መታ። «ያኔ የመጣው ተቆጣጣሪ ግን "ማሻአላህ፣ እናንተ ቤት ሙሉ ነው" ብሎ ሄደ። ለእኛ ሊመጣ የነበረውን አስተማሪ ለሌላ ካምፕ ሰጡት። አባቴ ከተቆጣጣሪው ሾፌር ነው የሰማው።»

ሪሃብ በኪሷ ያለችውን ጠመኔ እየነካካች ወደ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ግቢው ተጠርጎ፣ ዚሩ ሞልቶ ጠበቀ። ጋሽ ጀማሉ የታጠበች ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ሰባተኛ ክፍል በር ላይ ላቡን ይጠርጋል። ሪሃብን ሲያይ በሹክሹክታ ጠራት።

«ልጄ፣ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

«አይዞዎት ጋሽ ጀማሉ። ቁጥር ይጻፉና ልጆቹን ይጠይቋቸው።»

ተቆጣጣሪዋ ኡስታዛ ሳብሪን ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ተማሪዎቹን ሰላም ካለች በኋላ «ሁሉም ክፍል አስተማሪ አለው?» ብላ ጠየቀች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ በሩ ላይ የቆሙት ኡስታዝ ኑዕማን። «ሙሉ ነው።»

የክፍሎቹ ግድግዳ ጣራው ድረስ አይደርስም። ከወዲያ በኩል፣ ጋሽ ጀማሉ ቀድሞ ከገባበት ሰባተኛ ክፍል፣ የኢሀብ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፦ «ኡስታዝ ጀማሉ፣ ከረሜላ ይዘዋል?» ሳቅ ፈነዳ። ኡስታዝ ኑዕማን አቀርቅረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሪሃብ ርዕሰ መምህሩን አየች። ፊደል ያስቆጠሯት እኚህ ሰው ናቸው። በእንግዳ ፊት «ውሸት ነው» ብላ ልታዋርዳቸው አትችልም። ዝም ካለችም የሚደርሳቸው አስተማሪ ዘንድሮም ወደ ሌላ ካምፕ ይሄዳል።

ደወሉ ተመታ። የሒሳብ ሰዓት ነው፣ በየቀኑ ከወንበሯ የምትነሣበት።

ጠመኔዋን ከኪሷ አወጣችና ተነሣች።

«ኡስታዝ፣ ይፍቀዱልኝ። ክፍለ ጊዜዬ ደርሷል።»

ሁዜይፋ ዓይኑን አፈጠጠ። ኡስታዛ ሳብሪን ግራ ተጋብታ «ወዴት ነው የምትሄደው?» አለች።

ኡስታዝ ኑዕማን ሪሃብን አዩዋት፤ ጠመኔውንም አዩት። ከዚያ ከበሩ ዘወር ብለው መንገድ ለቀቁላት።

«የሒሳብ አስተማሪያችን ናት» አሉ ለእንግዳዋ።

ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ ጋሽ ጀማሉ «ተመስገን!» ብሎ እየሮጠ ወጣ። ተማሪዎቹ ብድግ አሉ፤ ኢሀብም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ተነሣ። ከኋላዋ እርምጃ ሰማች፤ ወንበርም ሲሳብ። ኡስታዛ ሳብሪን ከኢሀብ ጎን ተቀመጠች።

ሪሃብ ዞር ብላ አላየችም። ሰሌዳውን ጠረገች።

«ተቀመጡ። ትናንት የት ላይ ነበር ያቆምነው?»